ለድመት ይታዘናልን?

ስለ አይጥ መርዝ፣ ስለ ለማዳ እንስሳት ሞትና ስለ ሐዘን ሳይንስ

የኢሉባቦር ክረምት ረጅም ነው። ጎሬ በአገራችን ከፍተኛ የዝናብ መጠን ከሚመዘገብባቸው ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ጎረቤቷ መቱም ከዚህ ዝናብ ድርሻዋን አታጣም። የሶር ወንዝ ሞልቶ በሚደፈርስበት በዚህ ወቅት በየሜዳው ያለው ጉድጓድ ውኃ ስለሚገባበት አይጦች ወደ ሰው ቤት ይሰደዳሉ። በቤት ውስጥ ደግሞ ሙቀትና እህል ይጠብቃቸዋል።

ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ዘንድ መቱ በሄድሁበት በአንድ ሐምሌ ወር፣ በጓዳችን ከተቀመጡት የበቆሎ ኩንታሎች ሁለቱን ከሥራቸው ተቦርቡረው አገኘኋቸው። እናቴ ያ እህል እስከ አዲሱ እሸት ሊያደርሰን የታሰበ መሆኑን ነገረችኝ። በማግሥቱ ከገበያ በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ፣ ስም ያልተጻፈበት፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ጥቁር ግራጫ ዱቄት ገዛሁ። በበቆሎ ዱቄትና በጥቂት ቅቤ ለውሼም ከኩንታሎቹ ሥር አኖርሁት። ድመቷን በዚያች ሌሊት ለብቻዋ ዘግቶ ማሳደር እንደሚገባ አልታሰበኝም።

ድመቷ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችው የታናሽ እህቴ ነበረች። በአፋን ኦሮሞ ድመት «አዱሬ» ትባላለች፤ እህቴም ሌላ ስም ሳትፈልግላት አዱሬ እያለች ትጠራት ነበር። ሲነጋ አዱሬን ከምድጃው አጠገብ ደርቃ አገኘኋት። ከኩንታሎቹ ሥር ደግሞ ግማሽ አካሉ የተበላ አይጥ ወድቆ ነበር። እህቴ ከመንቃቷ በፊት ድመቷን ከጓሮ ከቡናው ሥር ቀበርኋት። እህቴ ተነሥታ ስትጠይቀኝም «ድመት ቤት ትቀይር የለም ወይ? ሄዳ ይሆናል» አልኋት።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሙሉ የሆነውን መቼም አልረሳውም። እህቴ አዱሬ የምትመገብበትን የቆርቆሮ ሳህን በማንኪያ እየመታች በየጎረቤቱ ዞረች። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ትጣራ ነበር። አንዲት እናት ጎረቤታችን አይተዋት «የኔ ልጅ፣ ለድመት ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው? እኔ ሌላ ግልገል አመጣልሻለሁ» አሏት። አባባላቸው ከደግነት የመነጨ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ንግግር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ለትንሽ እንስሳ ማዘን ተገቢ ነውን? ተገቢስ ባይሆን ለምን ይሰማናል? ይህ ጽሑፍ ስለ መርዙም፣ ስለ ሐዘኑም ሳይንስ የሚለውን በአጭሩ ለማቅረብ ይሞክራል።

መርዙ በሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለአይጥ ማጥፊያነት በስፋት ከሚታወቁት መርዞች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ጥቁር ግራጫ ቀለምና ነጭ ሽንኩርትን የመሰለ ሽታ አለው። ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ ብዙ አይለወጥም። በሆድ ውስጥ ካለው አሲድና እርጥበት ጋር በተገናኘ ጊዜ ግን ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ወደ ደም ይገባና በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚመነጭባቸውን ማይቶኮንድሪያዎች ሥራ ያውካል። ሕዋሳቱ ኦክስጅን እያላቸው ሊጠቀሙበት ይሳናቸዋል። ስለሆነም ብዙ ኃይል የሚፈልጉት እንደ ልብና አንጎል ያሉት ብልቶች ክፉኛ ይጎዳሉ። የመመረዝ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ደቂቃ እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። መርዙን በቀጥታ የሚያረክስ መድኃኒት የለም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሰውነትን መደገፍ ብቻ ነው።

ታዲያ መርዙን ያልበላች ድመት እንዴት ትሞታለች? ዚንክ ፎስፋይድ በአይጡ ሥጋ ውስጥ አይጠራቀምም። ሆኖም ገና ያልተፈጨ መርዝ በአይጡ ጨጓራ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ድመት አይጡን ከነሆድ ዕቃው ስትበላ ያ ቅሪት ወደ እርሷ ይተላለፋል። ይህ በሳይንስ ቋንቋ ሁለተኛ ደረጃ መመረዝ ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ መርዙ በቅቤ ወይም በሥጋ ከተለወሰ ድመት ራሷ ልትበላው ትችላለች። እኔ ቅቤ መጨመሬ አይጡን ብቻ የሚስብ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው የመርዝ ወገን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው። ታሪኩም አስደናቂ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳና በአሜሪካ ስዊት ክሎቨር የተባለውን መኖ ሻግቶ ሳለ የበሉ ከብቶች ደም እየፈሰሳቸው ያልቁ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ለዚህ ምክንያት የሆነውን ዳይኩማሮል የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚህ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1950ዎቹም ለሰው ልጅ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ሆነ። አንዱን ንጥረ ነገር መድኃኒት ወይም መርዝ የሚያሰኘው መጠኑ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

በኋላ የተሠሩት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት የዚሁ ወገን መርዞች እጅግ የበረቱ ናቸው። አይጡ ከበላቸው በኋላ ወዲያው አይሞትም፤ ቀናት ይወስድበታል። በእነዚያ ቀናት ዝሎና ፈዝዞ በቀን ብርሃን ስለሚንቀሳቀስ ለድመት ቀላል ታዳኝ ይሆናል። ማለትም ለመያዝ ቀላል የሆነው አይጥ ምናልባት መርዙን በጉበቱ ያከማቸው አይጥ ነው። ለዚህኛው መርዝ ግን ማርከሻ አለው፤ በጊዜው ከተደረሰበት ቫይታሚን ኬ1 የብዙ እንስሳትን ሕይወት ያተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መጥቀስ ያስፈልጋል። በብዙ ቤት መርዝ ለበላ እንስሳ ወተት ይጋታል። በዚንክ ፎስፋይድ ለተመረዘ እንስሳ ግን ምግብ መስጠት የሆድ አሲድን ስለሚያነሣሣ ጋዙ እንዲበዛ ሊያደርግ ይችላል፤ ወተትም ምግብ ነው። የሚሻለው እንስሳውን በፍጥነት ወደ እንስሳት ሕክምና ጣቢያ መውሰድና የመርዙን ዕቃ ወይም ናሙና በጥንቃቄ ይዞ ማሳየት ነው። እንስሳው ካስታወከ መስኮትና በር መክፈት ይገባል፤ ከትውከቱ የሚወጣው ጋዝ ለሰውም አደገኛ ነውና። መርዙን የነካው ሕፃን ከሆነ ደግሞ ለአፍታም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ድመት ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው መቼ ነው?

በቤታችን የአዱሬ ሥራ ከበቆሎው ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የዘረ መል ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች በሙሉ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ ከሚኖረው የዱር ድመት ወገን የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የሰው ልጅ እርሻ ጀምሮ እህል ሲያከማች አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ አይጡን ተከትላም ድመት መጣች። በሬንና በግን የሰው ልጅ እንዳላመዳቸው ይነገራል፤ ድመት ግን ራሷን ያላመደች ያህል ናት።

ጎተራን የመጠበቁ ጥቅም ብቻውን ግን ቀጥሎ የሚታየውን አይገልጸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ግኝት በቆጵሮስ ደሴት የ9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው መቃብር ውስጥ አንድ ሰውና ከእርሱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ የተቀበረች የስምንት ወር ገደማ ድመት ተገኝተዋል። ድመቷ ለምግብ ያልታረደችና በጥንቃቄ የተቀበረች ነበረች። በጀርመን አገር ኦበርካስል በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1914 የተገኘው መቃብር ደግሞ ከዚህም ይቀድማል። ከሁለት ሰዎች ጋር የተቀበረው ቡችላ የ14,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ጥርሶቹን የመረመሩ ተመራማሪዎች ቡችላው ከመሞቱ በፊት በጠና ታምሞ እንደነበርና ያለ ሰው እንክብካቤ ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል ገምተዋል። ለማደን የማይረዳ፣ ገና ግልገል የሆነ፣ የታመመ እንስሳ ተንከባክቦ በኋላም ቀብሮ ማረፍ ከጥቅም በላይ የሆነ ነገር መኖሩን ያመለክታል።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመለስ፣ በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ በምትገኘው በጥንታዊቷ በረኒኬ ወደብ በአንደኛውና በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የነበረ የለማዳ እንስሳት መቃብር ተቆፍሮ ወጥቷል። ከተገኙት ወደ 600 ከሚጠጉ እንስሳት አብዛኞቹ ድመቶች ሲሆኑ፣ ውሾችና ጦጣዎችም ይገኙበታል። አንዳንዶቹ የአንገት ማሰሪያ እንዳደረጉ ነው የተቀበሩት። በአገራችንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ እንደነበራቸውና በይፋ ሥርዓቶች ላይ ሳይቀር ከአጠገባቸው ይታይ እንደነበር በጊዜው የተነሡ ፎቶግራፎች ይመሰክራሉ። በቤተ መንግሥትም ሆነ በጭስ ቤት ለትንሽ እንስሳ የሚሰማው ፍቅር ያው ነው።

የጎደለውን የሚፈልግ አእምሮ

እህቴ ለምን አራት ቀን ሙሉ ፈለገቻት? እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1980 ባሳተማቸው ሦስት መጻሕፍት ልጅ ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረውን ትስስር አጥንቷል። በእርሱ አስተያየት ሐዘን የዚህ ትስስር ሌላው ገጽታ ነው። የተሳሰርነው ነገር ሲጠፋ የመጀመሪያው ምላሻችን መፈለግና መጣራት ነው። ግልገል ከእናቱ ሲለይ መጮኹ ያገናኘዋልና ይህ ባሕርይ በተፈጥሮ ምርጫ የቆየ ነው። ሞት ሲሆን ግን ፍለጋው መድረሻ ያጣል።

ይህ ትስስር ከእንስሳት ጋርም እንደሚፈጠር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ውሻና ጌታው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይተዋል። ይህ ሆርሞን እናትን ከሕፃኗ ጋር በማስተሳሰር ረገድ የታወቀ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት የድመት ግልገሎች ወደ 65 በመቶ የሚሆኑት ከተንከባካቢያቸው ጋር የጸና ትስስር እንደነበራቸው ገልጿል። ድመት ቤትን እንጂ ሰውን አትወድም የሚለው የቆየ አስተያየት እንግዲህ እንደገና መታየት ያለበት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ከአይጦች የተገኘው ዕውቀት ነው። በኖርዌይ በሞዘሮቹ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ዕቃ አስቀምጠው የአይጦችን አንጎል ሕዋሳት እንቅስቃሴ ይመዘግቡ ነበር። ዕቃው ከቦታው ከተነሣ በኋላ አንዳንድ ሕዋሳት ቀድሞ ዕቃው በነበረበት ቦታ ላይ አይጡ በደረሰ ቁጥር መሥራት ጀመሩ። ይህም ለቀናት ቀጠለ። በሌላ አነጋገር አንጎል የሚመዘግበው ያለውን ብቻ አይደለም፤ ሊኖር ሲገባው የጎደለውንም ይመዘግባል። የሐዘን ተመራማሪዋ ሜሪ ፍራንሲስ ኦኮነር ሐዘንን ስታብራራ ይህን ግኝት ትጠቅሳለች። የምንወደው ፍጡር የትና መቼ እንደሚገኝ አንጎላችን ካርታ አለው፤ ሞት ሲመጣ ካርታው ወዲያው አይታረምም። በየቀኑ ከእውነታው ጋር እየተጋጨ ቀስ በቀስ ነው የሚማረው።

ሞታ የቀበርኋት እኔም ብሆን ለብዙ ቀናት ወደ ጓዳ ስገባ እንዳልረግጣት እግሬን አነሣ ነበር። ይህ የአእምሮ ድካም ወይም ሞኝነት አይደለም፤ መማር ጊዜ ስለሚወስድ ነው።

ያልታወቀለት ሐዘን

በአገራችን ለሰው ሞት የሚደረግ ሥርዓት የዳበረ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛ ይመጣል፤ በየእምነቱና በየአካባቢው ልማድ የመታሰቢያ ቀናት ይቆጠራሉ። ይህ ሁሉ አንድ ትልቅ ተግባር አለው፤ ሐዘንተኛውን «ማዘንህ ተገቢ ነው፤ ከአጠገብህም ነን» ይለዋል። ለድመት ግን ድንኳን አይተከልም። እንዲተከልም የሚጠይቅ የለም። ሰውና እንስሳ በአንድ ሚዛን አይቀመጡምና።

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መጽሐፍ ኅብረተሰቡ የማይቀበለውን ወይም ዕውቅና የማይሰጠውን ሐዘን ለብቻው ሰይሞ አጥንቶታል። የለማዳ እንስሳ ሞት ከዚህ መደብ ይመደባል። ችግሩ ሐዘኑ ከሌላው የሚበልጥ መሆኑ አይደለም፤ የሚገለጥበት ቦታ ማጣቱ ነው። ሐዘንተኛው ከሐዘኑ ሌላ ስለ ማዘኑም ያፍራል፤ ሁለት ሸክም ይሸከማል።

ብዙ ተማሪዎች ሐዘን አምስት ደረጃዎች እንዳሉት ሰምተው ይሆናል። ይህን ሐሳብ ኤልዛቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው የራሳቸውን ሞት ከሚጠባበቁ ሕሙማን ጋር ከተነጋገረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ሰው ሁሉ ደረጃዎቹን በተርታ እንደማያልፍ አሳይተዋል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ለእውነታው የቀረበ ይመስላል። በእነርሱ አስተያየት ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ የጠፋውን ያስባል፣ ሌላ ጊዜ ወደ ዕለት ኑሮው ይመለሳል። እህቴም ጠዋት አልቅሳ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ታይታለች። ይህ ማለት ረሳች ማለት አልነበረም።

«ባውቅ ኖሮ» የሚለው ጸጸት

በድንገተኛ አደጋ የሞተን እንስሳ ሐዘን የሚያከብደው ጸጸት ነው። በሩ ሳይዘጋ የቀረበት፣ ወደ ኋላ ሲነዳ ያላየ፣ መርዙን ያስቀመጠ ሰው ሁሉ «ባውቅ ኖሮ» ይላል። በዚህ ረገድ ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ጥናት ጠቃሚ ነው። ሰዎች የአንድን ድርጊት መጨረሻ ካወቁ በኋላ ያ መጨረሻ ከመጀመሪያውም ግልጽ የነበረ አድርገው ይገምቱታል። የሆነውን ማወቃችን ቀድሞ የማናውቀውን ነገር እናውቅ እንደነበር ያስመስለናል።

ይሁን እንጂ ይህ ግኝት ጥፋትን ሁሉ የሚያጥብ አይደለም። ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አይጡ በሆዱ መርዝ እንደያዘ በአዱሬ እንደሚያዝ በዚያች ሌሊት ማወቅ አልችልም ነበር። ስም ያልተጻፈበትን መርዝ ሳልጠይቅ ገዝቼ ድመት በሚገባበት ቦታ ማኖሬ ግን የራሴ ቸልተኝነት ነው። የመጀመሪያው ይቅር ሊባል ይገባዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሊታረም ይገባዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማደባለቅ ወይ ሰውን ያለ ልክ ያስጨንቀዋል፣ ወይም ምንም ሳይማር ያሳልፈዋል።

ለሕፃናት ምን እንበል?

ትልቁ ስሕተቴ ግን መርዙ አልነበረም፤ ውሸቱ ነበር። ማርክ ስፒስና ሳንዶር ብረንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው እንደገለጹት፣ የሞት ትርጉም ለልጆች በአንድ ጊዜ አይገባቸውም። ሊረዷቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የሞተ አይመለስም፣ የሞተ አካል አያይም፣ አይራብም፣ አይታመምም፣ ሕይወት ያለው ሁሉም ይሞታል። አብዛኞቹ ልጆች እነዚህን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይረዷቸዋል። ስለዚህ የስምንት ዓመት ልጅ እውነቱን መስማት ትችላለች።

«ሄዳለች» ወይም «ተኝታለች» የሚሉት ቃላት ልጁን ከሐዘን አያድኑትም፤ ወደ ሌላ ሐዘን ያሻግሩታል። ፖሊን ቦስ የተባለችው ምሁር መጨረሻው ያልታወቀ መለየት ከሁሉ የከበደ መሆኑን ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ከጦርነት ያልተመለሰ ሰው ቤተሰብ ይሙት ይኑር ሳያውቅ ሐዘኑን ሊቋጭ አይችልም። በመጠኑ የማይነጻጸር ቢሆንም፣ እኔም በእህቴ ላይ ያደረግሁት ከዚሁ ዓይነት ነበር። ሳህኗን ይዛ በዝናብ ያዞራት ሐዘን አልነበረም፤ ተስፋ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ማታ አጠገቤ አስቀምጬ እውነቱን ነገርኋት። «አዱሬ ሞታለች። ለአይጥ ያኖርሁት መርዝ ነው የገደላት። አውቄ አላደረግሁትም፤ ግን እኔ ነኝ ያኖርሁት። ሄዳለች ብዬ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ» አልኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም «ጋሼ፣ አሟት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎን፣ ጥቂት ጊዜ አሟታል። አሁን ግን አያማትም» አልኋት። የተቀበረችበትን እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ በፋኖስ ወሰድኋት። አለቀሰች። ከዚያ ለሁለት ቀናት ያህል አላነጋገረችኝም። መንገድ ላይ ቆማ መጣራቷን ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተወች።

ወላጆችና ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ከዚህ ጥቂት ነገር ሊማሩ ይችላሉ። ለልጅ ሲነገር «ሞተ» የሚለውን ቃል በግልጽ መጠቀም፣ የጠየቀውን ያህል መመለስ፣ ጥፋቱ የልጁ አለመሆኑን ማስረዳት፣ ከፈለገም በቀብሩ እንዲገኝ መፍቀድ ይጠቅማል። ሌላ ግልገል ወዲያው ማምጣት ደግሞ ከደግነት ቢመጣም መቸኮል ነው። ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ መታገሥ ይሻላል።

እንዳይደገም ምን ይደረግ?

አይጥ እህል እንዳይበላ መከላከል አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። የአይጥ የእርግዝና ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ምግብና መጠለያ እስካለ ድረስ መርዝ የገደላቸው ብዙም ሳይቆይ ይተካሉ። በመሆኑም ዘላቂው መፍትሔ መግደል ሳይሆን መንገዱን መዝጋት ነው። ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ በእያንዳንዱ እግሩ ላይ የተገለበጠ ማሰሮ የመሰለ የቆርቆሮ መከለያ ማድረግ፣ ወደ ጎተራው የተጠጋ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳን ሁሉ መድፈን፣ የተበተነ እህል መጥረግ ይገባል። ወጥመድም ከመርዝ ይልቅ ለሕፃናትና ለለማዳ እንስሳት አደጋው አነስተኛ ነው።

መርዝ መጠቀም የግድ ከሆነ ደግሞ መታወቂያ ጽሑፍ የሌለውን አለመግዛት ነው። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የተዘጋጀውም ፀረ ተባዮች ተመዝግበውና ምንነታቸው ተገልጾ እንዲሸጡ ነው። መርዙን አይጥ ብቻ በሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ድመትና ውሻን በዚያ ሰሞን አብልቶ ዘግቶ ማሳደር፣ የሞቱትን አይጦች ጠዋት ጠዋት በጓንት ወይም በላስቲክ ለቅሞ ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቀት፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ አርቆ መቅበር ያስፈልጋል። መርዝ የበላ በድን ሜዳ ላይ ሲጣል ጉዳቱ በድመት አያበቃም። በከተሞቻችን ቆሻሻ የሚያጸዱት ጥንብ አንሣዎች በአፍሪካ ውስጥ ቁጥራቸው ክፉኛ ከቀነሰባቸው ምክንያቶች ዋነኛው የተመረዘ በድን መብላታቸው ነው። ባለ ቆቡ ጥንብ አንሣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል።

እኛ በዚያው ክረምት የበቆሎውን ኩንታሎች ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አወጣናቸው፤ የቆጡን እግሮችም በአሮጌ ቆርቆሮ ከለልናቸው። ቆርቆሮውን ስቆርጥ ጫፉን ይዛ የረዳችኝ እህቴ ናት። ሥራውን ስንጨርስ ከእግሮቹ አንዱን በእጇ እየነካካች «ይኼ ቀድሞ ቢሠራ ኖሮ አዱሬ አትሞትም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ለድመት ይታዘናልን? ሳይንስ የሚለው ይህን ነው፤ ሐዘን የሚለካው በሟቹ ቁመት ወይም ዋጋ ሳይሆን በትስስሩ ጥልቀት ነው። ልጅ በመጀመሪያ ከሚያጋጥማት ሞት አንዱ አብዛኛውን ጊዜ የእንስሳ ሞት ነው። ያን ጊዜ ከእኛ የምትሰማው ነገር በኋላ ለሚመጡባት ሐዘኖች ሁሉ መማሪያ ይሆናታል። እውነት የነገርናት እንደሆነ፣ ማዘን እንደማያሳፍርና ጥፋትም ሊታመንና ሊታረም እንደሚችል ትማራለች።